የሥራ አጥነት ክፍያ ማራዘሚያ በአሜሪካ ኮንግረስ፦ ገንዘቡ ነው ወይስ ቀኑ?

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ሕግ አወጣጥ በወሰድነው ኮርስ እያንዳንዳችን አንድ ረቂቅ ሕግ መርጠን ከመነሻው እስከ ፊርማው እንድንከታተል አሳይንመንት ተሰጥቶን ነበር። አብዛኛው ተማሪ የአገራችንን አዋጆች ሲመርጥ እኔ የአሜሪካን የሥራ አጥነት ክፍያ ማራዘሚያ ሕጎች መረጥኩ። “አንቺን ከዚህ ጋር ምን አገናኘሽ?” ያላችሁኝ ጓደኞቼ አላችሁ። ምክንያቱን ወደ ታች ስደርስ እነግራችኋለሁ።

በየመማሪያ መጽሐፉ የሕግ አወጣጥ ሂደት በሣጥንና በቀስት ተሥሎ እናገኘዋለን። ረቂቁ ከኮሚቴ ወደ ምክር ቤት፣ ከምክር ቤት ወደ ፕሬዚዳንት ይሄዳል። ሥዕሉ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ቀስቶቹ ጊዜን አያሳዩም። አንዱ ቀስት አንድ ቀን፣ ሌላው ሰባት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የሥራ አጥነት ክፍያ ደግሞ በየሳምንቱ የሚሰጥ ገንዘብ በመሆኑ ቀስቱ በረዘመ ቁጥር የአንድ ሰው የቤት ኪራይ ሳይከፈል ይከርማል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሂደቱን ደረጃ በደረጃ ማስረዳትና ሥራ አጡን ብዙ ጊዜ የጎዳው የሕጉ ማለቂያ ቀን መሆኑን ማሳየት ነው። (ከራሳችን አዋጅ ቁጥር በቀር ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መድኑ ምንድን ነው?

በእኛ አገር የሥራ አጥነት መድን የለም። አንድ ሠራተኛ ከሥራ ሲቀነስ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከአሠሪው የሥራ ስንብት ክፍያ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ግን አንዴ ተቀብለውት የሚያልቅ ገንዘብ ነው።

በአሜሪካ ነገሩ ከዚህ ይለያል። ዊስኮንሲን የተባለችው ክፍለ ግዛት በ1932 የመጀመሪያውን የሥራ አጥነት መድን ሕግ አወጣች። ከዚያም ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነሐሴ 14 ቀን 1935 በፈረሙት የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ አማካይነት መድኑ በመላ አገሪቱ ተዘረጋ። አሠሪዎች በሚከፍሉት ግብር ፈንድ ይቋቋማል፤ ያለ ጥፋቱ ሥራውን ያጣ ሰው አዲስ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በየሳምንቱ ከደመወዙ የተወሰነውን ያህል ይቀበላል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን በአጭሩ “አንኢምፕሎይመንት” የሚሉት ይህንኑ ነው።

ክፍያው ሦስት ደርብ እንዳለው ቤት ነው ብንል ያስኬዳል።

የመጀመሪያው ደርብ የክፍለ ግዛቱ መደበኛ ክፍያ ነው። ለረጅም ጊዜ የተለመደው ጣሪያ 26 ሳምንት ሲሆን ከ2011 ወዲህ ግን አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ቀንሰውታል። ለምሳሌ በፍሎሪዳና በኖርዝ ካሮላይና ሥራ አጥነት ዝቅ ባለበት ጊዜ ከ12 ሳምንት አያልፍም።

ሁለተኛው ደርብ በ1970 በወጣ ሕግ የተቋቋመው ቋሚ ማራዘሚያ ነው። በአንድ ክፍለ ግዛት የሥራ አጡ ቁጥር ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ማንም ድምፅ ሳይሰጥ በራሱ ይከፈትና 13 ወይም 20 ሳምንት ይጨምራል። ወጪውን በመደበኛው አሠራር የፌዴራል መንግሥትና ክፍለ ግዛቱ እኩል ይካፈሉታል።

ሦስተኛው ደርብ ኮንግረስ በክፉ ቀን የሚያወጣው ጊዜያዊ ማራዘሚያ ነው። በ1958፣ በ1961፣ በ1971፣ በ1974፣ በ1982፣ በ1991፣ በ2002፣ በ2008 እና በ2020 ወጥቷል። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው። ምክንያቱም ሁለቱ ደርቦች በቋሚ ሕግ ሲቆሙ ሦስተኛው በራሱ ውስጥ የሞቱን ቀን ጽፎ የሚወለድ ሕግ ነው።

ረቂቁ የሚያልፍባቸው በሮች

እንግዲህ ጊዜያዊው ማራዘሚያ ሊያልቅ ተቃርቧል እንበል። ለማደስ አዲስ ሕግ ያስፈልጋል። ረቂቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ እዚያም የታክስና የሶሻል ሴኩሪቲ ጉዳዮችን የሚይዘው ዌይስ ኤንድ ሚንስ የተባለው ኮሚቴ ባለቤቱ ነው። በምክር ቤቱ ውስጥ ብዙኃኑን የያዘ ፓርቲ ከፈለገ ረቂቁን በፍጥነት ያሳልፋል፤ ተራ አብላጫ ድምፅ ይበቃዋልና። ነገር ግን የትኛው ረቂቅ ለድምፅ ይቅረብ የሚለውን በተግባር የሚወስነው አፈ ጉባኤው ነው። አፈ ጉባኤው ካላቀረበው ረቂቁ ደጋፊ ቢኖረውም መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አባላት ከአፈ ጉባኤው ፈቃድ ውጭ ረቂቅ የሚያስወጡበት የፊርማ ማሰባሰቢያ መንገድ አለ፤ 218 ፊርማ ስለሚጠይቅ ግን እምብዛም አይሳካም።

ከዚያ ወደ ሴኔት ይሻገራል። እዚህ ላይ የእኛን የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአእምሮአችን ይዘን ከሄድን እንሳሳታለን። የእኛው ሕግ አያወጣም፤ የእነሱ ሴኔት ግን የተወካዮች ምክር ቤት ያሳለፈውን ረቂቅ ሊለውጠው ወይም ሊያስቀረው ይችላል። አንድ ቃል ከለወጠ ደግሞ ረቂቁ ተመልሶ ሄዶ ሁለቱም ምክር ቤቶች በአንድ ዓይነት ጽሑፍ ላይ መስማማት አለባቸው።

ሴኔት ውስጥ ሁለት መንገድ አለ። አጭሩ መንገድ “ተቃዋሚ አለ?” ተብሎ ሲጠየቅ መቶው ሴናተሮች ዝም የሚሉበት የሙሉ ስምምነት መንገድ ነው። ከመቶው አንዱ “እኔ እቃወማለሁ” ካለ ይህ በር ይዘጋል። ረጅሙ መንገድ ክርክሩ እንዲቆም በክሎቸር መወሰን ነው፤ ለዚህም 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ክሎቸር ከተጠየቀ በኋላ አንድ ቀን መሐል ገብቶ ድምፅ ይሰጣል፤ ካለፈም በኋላ እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ ክርክር ሊከተል ይችላል። ይህ ሁሉ በአንድ ረቂቅ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊደጋገም ይችላል። ስለዚህ ረቂቁን መጣል ያቃተው ሴናተር እንኳ ሊያዘገየው ይችላል።

በሁለቱም ምክር ቤቶች የሚነሳው ዋና ክርክር ደግሞ “ገንዘቡ ከየት ይምጣ?” የሚል ነው። ደጋፊዎቹ ወጪው የአደጋ ጊዜ ወጪ ተብሎ ይመዝገብና በብድር ይሸፈን ይላሉ፤ ሥራ አጡ የተቀበለውን ወዲያው ገበያ ላይ ስለሚያወጣው ለኢኮኖሚውም ይጠቅማል ባዮች ናቸው። ተቃዋሚዎቹ የአገሪቱ ዕዳ አሳስቧቸው ከሌላ በጀት ተቀንሶ ይሸፈን ይላሉ፤ ክፍያው ሲረዝም ሰው ሥራ ለመፈለግ ይሰንፋል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ክርክሮች በቁም ነገር የሚታዩ ናቸው። ችግሩ ክርክሩ የሚካሄደው ሰዓቱ እየቆጠረ መሆኑ ላይ ነው።

98 ለ 0 ሆኖም የዘገየ ሕግ

በ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ሰኔ 30 ቀን ጊዜያዊ ማራዘሚያውን ፈረሙ። መጀመሪያ 13 ሳምንት ብቻ ነበር። ቀውሱ ሲከፋ እየተጨመረ ሄዶ በ2009 መጨረሻ አራት እርከን ኖረው። መደበኛው 26፣ ጊዜያዊው 53፣ የ1970ው ደግሞ 20 ሲደመሩ ሥራ አጥነት በበረታባቸው ክፍለ ግዛቶች አንድ ሰው እስከ 99 ሳምንት ሊከፈለው ይችል ነበር።

የመጨረሻዎቹን እርከኖች ያስገኘውን ሕግ ልብ ብለን እንየው። የተወካዮች ምክር ቤት መስከረም 22 ቀን 2009 ረቂቁን በ331 ለ 83 አሳለፈ። ሴኔት ድምፅ የሰጠው ኅዳር 4 ነው፤ ውጤቱም 98 ለ 0 ሆነ! በማግስቱ የተወካዮች ምክር ቤት 403 ለ 12 አጸደቀው፣ ኅዳር 6 ቀን ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ፈረሙ።

ታዲያ አንድም ተቃዋሚ ያልተገኘበት ረቂቅ ሴኔት ውስጥ ስድስት ሳምንት ምን ይሠራ ነበር? አንደኛው ምክንያት የተወካዮች ምክር ቤት ጭማሪውን ሥራ አጥነት 8.5 በመቶና ከዚያ በላይ ለደረሰባቸው ክፍለ ግዛቶች ብቻ ሲያደርገው የሌሎቹ ሴናተሮች ለእኛም ይድረሰን ማለታቸው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ረቂቁ ማለፉ እንደማይቀር ሲታወቅ ሌሎች ጉዳዮች ተጭነውበት ነው። ለቤት ገዢዎች የሚሰጥ የግብር ቅናሽ፣ ለከሰሩ ድርጅቶች የሚመለስ ግብር ሁሉ በዚያው ሕግ ውስጥ ገብቷል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው ነው። በዚያ ጥቅምት ወር የአገሪቱ ሥራ አጥነት 10 በመቶ ደርሶ ነበር።

በአንድ ዓመት አራት ጊዜ

2010 ለእኔ የዚህ ጥናት ዋና ምዕራፍ ነው። ሕጉ በዚያ ዓመት ብቻ አራት ጊዜ ሞቶ አራት ጊዜ ተነሥቷል።

መጀመሪያ የካቲት 28 ቀን አለቀ። ለአንድ ወር የሚያራዝም ረቂቅ በሙሉ ስምምነት እንዲያልፍ ሲቀርብ የኬንታኪው ሴናተር ጂም በኒንግ ወጪው ይሸፈን ብለው ተቃወሙ። ከላይ እንዳልኩት አንድ ድምፅ አጭሩን በር ይዘጋል። መጋቢት 2 ቀን በመደበኛው መንገድ ድምፅ ሲሰጥ ውጤቱ 78 ለ 19 ነበር። ሚያዝያ 5 ቀን እንደገና አለቀ፤ ሚያዝያ 15 ቀን ታደሰ።

ሦስተኛው የከፋው ነው። ሰኔ 2 ቀን ሕጉ ሲያልቅ ዴሞክራቶቹ ሴኔት ውስጥ 60 ድምፅ ማግኘት አቃታቸው። በዚህ መሐል የዌስት ቨርጂኒያው አረጋዊ ሴናተር ሮበርት በርድ ሰኔ 28 ቀን በ92 ዓመታቸው አረፉ፤ አንድ ድምፅ ጎደለ። ተተኪያቸው ካርት ጉድዊን ሐምሌ 20 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚያው ዕለት የክሎቸር ድምፅ ተሰጠና 60 ለ 40 ሆኖ ልክ በጠርዙ አለፈ። ከሪፐብሊካኖቹ የሜይን ሴናተሮች የሆኑት ኦሊምፒያ ስኖውና ሱዛን ኮሊንስ ደገፉ፣ ከዴሞክራቶቹ የኔብራስካው ቤን ኔልሰን ተቃወሙ። ሐምሌ 22 ቀን ኦባማ ፈረሙ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ክፍያቸው ተቋርጦባቸው ከርመዋል።

እዚህ ላይ “ወደ ኋላ ተመልሶ ተከፍሏቸው የለም እንዴ?” የሚል ይኖራል። አዎ፣ ሕጉ ያለፉትን ሳምንታትም ይሸፍናል። ነገር ግን የቤት አከራይ ሴኔት እስኪስማማ አይጠብቅም። በሰኔ ያልተከፈለ ኪራይ በሐምሌ መጨረሻ ከነቅጣቱ ይጠብቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ለሥራ አጡ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ክፍያ በሌለበት ጊዜም በየሳምንቱ ቅጹን መሙላት መቀጠል ነበረበት። ተስፋ ቆርጦ መሙላቱን የተወ ሰው ሕጉ ሲመለስ ላለፉት ሳምንታት ገንዘቡን ለማግኘት ይቸገራል።

አራተኛው ኅዳር 30 ቀን አልቆ ታኅሣሥ 17 ቀን ታደሰ። በዚህ ጊዜ ማራዘሚያው በቡሽ ዘመን የወጣው የግብር ቅናሽ ለሁለት ዓመት ይቀጥል ከሚለው ጋር አንድ ላይ ታስሮ ነው የወጣው። ለአሥራ ሦስት ወር የተረጋጋ ክፍያ የተገኘው በዚህ ሰጥቶ መቀበል ነው።

ድምፅ ያልተሰጠበት ረቂቅ

ከዚያም በ2012 መጀመሪያና በ2013 መጀመሪያ ከታደሰ በኋላ ታኅሣሥ 28 ቀን 2013 አለቀ። ቀደም ሲል ሕጉ ሲያልቅ ሰዎች የጀመሩትን እርከን ይጨርሱ ነበር፤ ወደሚቀጥለው ነው የማያልፉት። በዚህ ጊዜ ግን እንዲህ ያለ መሸጋገሪያ ስላልነበረ 1.3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በአንድ ቀን ከክፍያው ወጡ።

ዴሞክራቱ ጃክ ሪድና ሪፐብሊካኑ ዲን ሄለር የአምስት ወር ማራዘሚያ አቀረቡ። ወራት ከፈጀ ድርድር በኋላ ሚያዝያ 7 ቀን 2014 ሴኔት 59 ለ 38 አሳለፈው። ረቂቁ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሄድ አፈ ጉባኤ ጆን ቤይነር ለድምፅ አላቀረቡትም። ተቃውሞ ድምፅ ሳይሰጥበት ማራዘሚያው በዚያው ቀረ። በመማሪያ መጽሐፉ ሥዕል ላይ ለዚህ ዓይነት አሟሟት የተሣለ ሣጥን የለም።

ወደ ቤታችን የደረሰው ክርክር

አሁን ቃል የገባሁትን ምክንያት ልንገራችሁ። አክስቴ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል አጽጂ ነበረች። በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ሆቴሉ ሲዘጋ ሥራዋን አጣች። በዚያው ወር 27 ቀን የወጣው ኬርስ አክት የተባለው ሕግ በመደበኛው ክፍያ ላይ በሳምንት 600 ዶላር ጨመረ። ታክሲ ነጂውንና በግሉ የሚሠራውንም ለጊዜው አቀፈ፤ ይህም በዋሽንግተን አካባቢ ላሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች ትልቅ ነገር ነበር። ለሁሉም እኩል 600 የተደረገው የክፍለ ግዛቶቹ ኮምፒውተሮች ያረጁ ስለነበሩና የእያንዳንዱን ሰው ደመወዝ እያሰሉ መክፈል ስለማይችሉ ነው።

እኔ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የአያቴ መድኃኒትና የእኔ የትምህርት ወጪ ከአክስቴ ነበር የሚመጣው። ሕጉ 600ው ሐምሌ 31 ቀን ያበቃል ይላል። ዕለቱ ዓርብ ዋለ፤ የክፍያው ሳምንት ግን በአብዛኛው ክፍለ ግዛት ቅዳሜ ስለሚዘጋ የመጨረሻው የተከፈለ ሳምንት ሐምሌ 25 ያለቀው ሆነ። የአንድ ቀን ልዩነት አንድ ሙሉ ሳምንት በላ። አክስቴ በስልክ “ኮንግረሱ እስኪስማማ እየጠበቅን ነው” ስትል አያቴ “ምን አጣላቸው?” ብላ የጠየቀችው አሁንም ትዝ ይለኛል።

የአያቴ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት 600ውን እስከ ጥር 2021 የሚያራዝም ረቂቅ ግንቦት 15 ቀን በ208 ለ 199 አሳልፎ ነበር፤ ሴኔት አላነሳውም። የሪፐብሊካን ሴናተሮች ሐምሌ 27 ቀን በ200 ዶላር ይተካ የሚል ሐሳብ አመጡ። ሐምሌ 30 ቀን ለአንድ ሳምንት ብቻ 600ው ይቀጥል ተብሎ በሙሉ ስምምነት ሲጠየቅ ደግሞ የዴሞክራቶቹ መሪ ቸክ ሹመር ተቃወሙ፤ እነሱ የፈለጉት ሰፊውን ሕግ ነበርና። ሁለቱም ወገን ሥራ አጡ ምንም አያግኝ አላለም። ሁለቱም ግን የማለቂያው ቀን ሲቃረብ ሌላኛው ወገን ይለሳለሳል ብሎ ጠበቀ። ነሐሴ 8 ቀን ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ከአደጋ መከላከያ ፈንድ እስከ 44 ቢሊዮን ዶላር ተወስዶ በሳምንት 300 እንዲሰጥ አዘዙ፤ ገንዘቡ ለስድስት ሳምንት ያህል ነው የበቃው። ሕግ የወጣው ታኅሣሥ 27 ቀን ነው፤ ጭማሪውም 300 ሆነ።

በመጋቢት 2021 ዴሞክራቶቹ 60 ድምፅ የማይጠይቀውን ሪኮንሲሊዬሽን የተባለ የበጀት መንገድ ተጠቀሙ። በዚያም ቢሆን መጋቢት 5 ቀን በሥራ አጥ ክፍያው ላይ ከራሳቸው ሴናተር ጆ ማንቺን ጋር ሲደራደሩ አንድ ድምፅ አሰጣጥ 12 ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ክፍት ሆኖ ቆየ። የተደራደሩትም በመጠኑና በቀኑ ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤት 400 ያለው 300 ሆነ፣ ማለቂያውም መስከረም 6 ቀን 2021 ተባለ። ያ ቀን ሲደርስ አልታደሰም። ከሃያ በላይ ክፍለ ግዛቶች እንዲያውም ቀድመው አቋርጠውት ነበር።

ምን ይሻላል?

ከላይ እንደታየው ማለቂያ ቀን ያለ ምክንያት አልተጻፈም። ጊዜያዊ ወጪ ቋሚ ሆኖ እንዳይቀር ይጠብቃል፤ የሕዝብ ተወካዮችም ሁኔታውን አይተው እንዲወስኑ ዕድል ይሰጣል። ይህን ክርክር አከብራለሁ። ነገር ግን ቀኑ የሚጻፈው በግምት ነው። ቀውስ በቀን መቁጠሪያ አይመራም፤ ሐምሌ 31 ስለደረሰ ሆቴል አይከፈትም።

አማራጩ ማለቂያውን ከቀን ይልቅ ከሥራ አጡ ቁጥር ጋር ማሰር ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ክፍያው ይረዝማል፣ ዝቅ ሲል ያጥራል፤ በየሦስት ወሩ 60 ድምፅ መለመን አያስፈልግም። ይህን የሚሉ ረቂቆች በ2020 ቀርበው ሳይጸድቁ ቀርተዋል። የ1970ው ማራዘሚያ በዚህ መንገድ ቢሠራም ጉድለት አለበት። ሥራ አጥነቱ ከፍ ማለቱ ብቻ አይበቃውም፤ ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸርም የጨመረ መሆን አለበት። በመሆኑም ችግሩ ከፍ እንዳለ ለሁለት ዓመት ከቆየ፣ “አልጨመረም” ተብሎ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ መለኪያው መስተካከል ይኖርበታል። ያም ሆኖ የተበላሸ ሚዛን ማስተካከል ከቀን ጋር ከመደራደር የሚቀል ይመስለኛል።

የእኛ አገር አዋጆች መጨረሻ ላይ “አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ” የሚል አጭር አንቀጽ አለ። ፈተና ሲደርስ ዘለነው የምናልፈው እሱን ነው። እኔ ከዚህ ጥናት በኋላ ማንኛውንም ረቂቅ ሕግ ማንበብ የምጀምረው ከዚያ ነው። መቼ ይጀምራል? መቼ ያበቃል? ያ ቀን ሲደርስ ማን ምን እንዲያደርግ ይጠበቃል፣ ካላደረገስ ማን ይጎዳል? ወደፊት በየመሥሪያ ቤቱ ረቂቅ ማዘጋጀት ሥራችን ሊሆን ይችላልና እነዚህን ጥያቄዎች ከአሁኑ ብንለማመዳቸው መልካም ነው እላለሁ።